አባባን ከሚዛን የመለስኩበት ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሌላንድ ቮንድራ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ብርዱ ሲገባ እንደሚብስብህ ስለማውቅ ሐሳብ ይዞኛል። ባለቤትህ ኮሪንስ ደህና ናት? ልጅህ ታራስ? ልጇ ትንሹ ኦወንስ? ያ የአኩሪ አተር ወተት ተስማማው ወይስ አሁንም ያስመልሰዋል? ሆዱ የላም ወተት እምቢ ካለ ጀምሮ የልጅ ልጅህ ከልቤ አልወጣም። የአላስካ ባሕርስ እንዴት ይዟችኋል? ዓሣው ገባላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባሌ ዌንዴል ጉልበቱን እያሻሸ ከማማረሩ በቀር ደህና ነው። አባባም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ካለፈው ዓመት ይልቅ ዘንድሮ ይሻላሉ ብል አላጋነንኩም። ይህን ስጽፍልህ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የድሮ የጨርቅ የዘር ጆንያ ይሰፋሉ። ምን እንደሚሠሩለት መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

በጥቅምት ወር በስልክ የተናገርከኝን አልረሳሁትም። «አባባን በአገር ፊት አዋረድሻቸው! እጃቸውን መታሽ አሉ! ገለል አድርገሽ በጆሯቸው ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ያኔ መልሼ ያልደወልኩልህ መልስ አጥቼ አይደለም። ቆሽቴ አርሮ ስለነበር ብናገር የማይሆን ነገር ይወጣኝ ነበር። አሁን ስድስት ሳምንት አልፎታል፤ እኔም በርጃለሁ፣ ነገሩም እልባት አግኝቷል። አንተ የተቆጣኸኝ ሰው የነገረህን ሰምተህ ነው። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርህ። ይቅርታ ልጠይቅህ ግን አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልበልህ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በምስጋና በዓል ቀን፣ ይኸው እኔ የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ሆነን፣ ያ የመድኃኒት ኩባንያ ለአባባ የሰጣቸውን ውል ያነበብክላቸው አንተ ነበርክ። የኩባንያው ሰዎች ከመቃብሩ ጀርባ ያለችውን አሥራ ሁለት ኤከር መሬት ለአንድ ዓመት ተከራይተው፣ ፍሬው ውስጥ የጥጃ ተቅማጥ መድኃኒት እንዲያፈራ ተደርጎ የተሠራ በቆሎ ሊዘሩባት ፈለጉ። ማናችንም አልተቃወምንም። ጥጃ ሲሞት ያየ ሰው መድኃኒት አይጠላም፤ እኔ ዛሬም አልጠላም። ውሉ ሰባት ገጽ ነበር። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ አንተ ሦስቱን ገጽ ጮክ ብለህ አነበብክና «የቀረው የጠበቃ ወሬ ነው። ዋናው ነገር በሚቀጥለው ዓመት ሳይዘሩት የሚበቅለውን በቆሎ ነቅሎ ማጥፋት ነው። እሱ ደግሞ ለእርስዎ ምንዎ ነው?» አልካቸው። ሁላችንም ሳቅን። አባባ ፈረሙ። ይህን የማነሳው ጥፋቱን ባንተ ላይ ልደፈድፍ ብዬ እንዳይመስልህ። እኔስ የዱባ ፓይ እየቆረስኩ እዚያው ተቀምጬ አልነበር? አራቱን ገጽ ማንበብ ማን ከለከለኝ?

በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው ዘርተው፣ ራሳቸው አጥረው፣ በራሳቸው ማሽን አጭደው ሄዱ። ዘንድሮ አባባ በመሬቷ ላይ አኩሪ አተር ዘሩባት። ኩባንያው ፈቅዷል፤ የወደቀው ፍሬ ሲበቅል እንዲነቀል ብቻ ነው ያስጠነቀቀው። ሰኔ ላይ ልጆች ልኮ አንድ ጊዜ አስነቀለ፤ ሐምሌ ላይ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። አንድ ወር ሙሉ ሲያወርደው መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ እነሱም ቀሩ። አባባ ግን የሰው እጅ ጠብቀው አያውቁም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መሬቱ ጠንከር ሲል፣ ሳይነግሩኝ፣ ብቻቸውን ገብተው አሥራ ሁለቱንም ኤከር ረድፍ በረድፍ ተራመዱት። አራት ቀን ፈጀባቸው። በቆሎው በዚያን ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፣ አንዳንዱ እሸት ይዟል። አንድ በአንድ ነቀሉት።

በልጅነታችን ሐምሌ ሲብት፣ ጤዛው ሳይደርቅ ከአልጋ ጎትተው አውጥተው አኩሪ አተር ውስጥ ያሰልፉን የነበረውን መቼም አትረሳውም። አንተ ሁለት ረድፍ፣ እኔ ሁለት ረድፍ፣ እማማ ሁለት ረድፍ፤ አረሙንም በቆሎውንም እየነቀልን ከዳር እስከ ዳር። አባባ ከኋላችን «አንዷን ያለፈ ተመልሶ ይመጣታል!» እያሉ። የነቀልነውን ምን እናደርገው ነበር? እዚያው ረድፉ መሐል እንጥለዋለን። «የመሬት የነበረ ለመሬት ይመለስ» የአያታችን አነጋገር ነው። ነቅሎ ተሸክሞ ከማሳ ማውጣትማ ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ነበር። እስከ ዛሬ እዚህ በሊፓ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። አባባም እንደዚያው አደረጉ። ነቀሉና በረድፉ መሐል አጋደሙት። ከዚያ እማማ ከተቀበረችበት ከመቃብሩ አጥር አጠገብ ተቀምጠው ለእማማ «ጨረስኩት» አሏት። ይህን ኋላ ነው የነገሩኝ።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት ሰባት። እኔ የምሠራበት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ቤት ፊት የቆሙት መኪናዎች ሰልፍ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሊደርስ ምን ቀረው። ሁሉም አኩሪ አተር ነው የጫነው፤ ዝናብ ይመጣል ስለተባለ ሁሉም ይቸኩላል። አባባ በዚያች ቀይ መኪናቸው መጡ። ከኋላቸው ጎረቤታችን ኤልደን ነበር። ኤልደንን ታውቀዋለህ፣ አፉ አያርፍም። በመስኮት ብቅ ብሎ «ሩዲ! እርስዎና መኪናዎ ማን ይበልጣል በዕድሜ?» ሲላቸው፣ አባባ ዞር ሳይሉ «እኔ እበልጣለሁ። ግን የሷን ዘይት ይቀይሩላታል» አሉት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ነው ያን የእህል ናሙና የማወጣበትን ረጅም የብረት ዘንግ ይዤ የወጣሁት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደማደርገው ዘንጉን ሦስት ቦታ እህሉ ውስጥ ሰካሁትና የወጣልኝን ትሪው ላይ ዘረገፍኩት። አኩሪ አተሩ ቆንጆ ነው፣ ደረቅ፣ ንጹሕ። ግን ሰባት የበቆሎ ፍሬ አለበት። የተቆራረጠ የበቆሎ ቅጠልና የአገዳ ስብርባሪም አለበት፣ ብዙ። በአኩሪ አተር ውስጥ ጥቂት በቆሎ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ደንቡም ይፈቅዳል፤ በየቀኑ አያለሁ፣ አሳልፋለሁ። ያን ቀንም ላሳልፈው ነበር፤ ምን አስጠየቀኝ መሰለህ? ቅጠሉ። አባባ ማሳቸውን አጽድተው የሚያጭዱ ሰው ስለሆኑ ያን ያህል ቅጠል ከእሳቸው ጭነት አይቼ አላውቅም። ወደ መስኮቱ ቀርቤ «አባባ፣ ይሄ ከየትኛው ማሳ ነው?» አልኳቸው። «ከመቃብሩ ጀርባ ነዋ። ገና የመጀመሪያው ጭነት ነው። እናትሽንም ሰላም ብያት መጣሁ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

ሌላንድ፣ ያችን ቃል ስሰማ ትሪውን እንደያዝኩ ወደ ሚዛን ቤቱ ግድግዳ ዞርኩ።

ከሚዛን ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ታስታውሳለህ? «አንዲት ሮዝ ፍሬ የተገኘበት ጭነት ይመለሳል» የምትለውን? ለዘር የሚሆን እህል በተባይ መድኃኒት ሲታሸት ሰው ከሚበላው ጋር እንዳይምታታ ሮዝ ቀለም ይቀባል፤ አንዲት እንኳ ከተገኘች ያ መኪና አያራግፍም። ያን ደንብ ያወጡት አባባ ናቸው፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር በነበሩ ጊዜ። ሥራ ስጀምርም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ማርሊስ፣ ጎተራ አንድ ሆድ ነው። የገባውን መርጦ አይተፋም» ብለውኛል። እጄ ላይ ያሉት ሰባቱ ፍሬዎች ግን ሮዝ አልነበሩም። ቢጫ ናቸው፣ እንደ ማንኛውም በቆሎ። በዓይን ብታያቸው፣ በጥርስህ ብትሰብራቸው፣ ልዩነት የላቸውም። መድኃኒት መሆናቸውን የሚናገር አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም የአባባ አፍ። ቢዋሹኝ ኖሮ፣ «ከቤቱ ጀርባ ነው» ቢሉኝ ኖሮ፣ አሳልፈው ነበር። መዋሸት ግን አልፈጠረባቸውም።

ሥራ አስኪያጃችን ዳረል ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። «ምን ሆናችኋል? መኪናው እኮ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ነው!» አለ። ትሪውን አሳየሁትና ማሳውን ነገርኩት። ዳረል ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞት ነበር። «ሰባት ፍሬ? ጠዋት የኤልደን ጭነት ውስጥ ሃያ ነበር እኮ። ማርሊስ፣ ጎተራው ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል?» አለኝ።

«እሱማ ነው ችግሩ። ማንም ስለማያየው ነው የማይገባው» አልኩት።

«የአባትሽ ጭነት እኮ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይኸውልህ፣ አንተ ያልከኝ «ገለል አድርገሽ በጆሮ» ማለት ይህ ነበር። ዳረል ገለል አደረገኝ፣ በጆሮዬም ነገረኝ። እኔም መልሼ በጆሮው ብነግረው ኖሮ ነገሩ በሹክሹክታ ተጀምሮ በሹክሹክታ ያልቅ ነበር፤ ጭነቱም ወደ ጎተራው በሚወስደው ጉድጓድ ውስጥ ይራገፍ ነበር። የማራገፊያው ፍርግርግ ከአባባ መኪና አሥር እርምጃ አይርቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ ጭነት አይራገፍም!» አልኩ።

አባባ ከመኪናው ወረዱ። ቀስ ብለው፣ እጀታውን ይዘው። ትሪዬ ላይ ካሉት ፍሬዎች አንዷን አነሱና፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት፣ ድርቀቷን በጥርሳቸው ሊሞክሩ ወደ አፋቸው ወሰዷት። ያኔ ነው እጃቸውን የያዝኩት። መታች ያለህ ሰው ካለ ይሁንለት፤ በፍጥነት ስለያዝኩት እንደመምታት መስሎ ይሆናል። ፍሬዋ መሬት ወደቀች። አባባ መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ረድፉ መሐል ያጋደሙትን በቆሎ ኮምባይነሩ ከአኩሪ አተሩ ጋር አብሮ እንዳነሳው ያን ጊዜ ነው የገባቸው። «ነቅዬው ነበር እኮ» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እያንዳንዱን ነቅዬዋለሁ።» ሌላንድ፣ አንጀቴን በሉት። እማማን ስንቀብር እንኳ እንደዚያ አላዘንኩላቸውም።

ሚዛኑ ባለ አንድ መንገድ ነው። ሰው አራግፎ በወዲያ በኩል ይወጣል እንጂ ጭኖ የተመለሰ መኪና በዕድሜዬ አላየሁም። አባባ እንዲመለሱ ከኋላ ያሉት አሥራ አንድ መኪናዎች በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ኋላ መሄድ ነበረባቸው። ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ያን ሁሉ ጊዜ አባባ መሪያቸውን ይዘው ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ። ማንም ጥሩንባ አልነፋም። ኤልደን እንኳ በአጠገቡ ሲያልፉ ቆቡን አወለቀላቸው። አዎ፣ በአገር ፊት ነው የሆነው። ማታውን ለብቻዬ አለቀስኩ። ግን ያን ቀን ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ፤ እጃቸውን ትንሽ ለስለስ አድርጌ እይዝ ይሆናል እንጂ።

ሰባት ፍሬ ማንን ይገድላል ትለኝ ይሆናል። ምናልባት ማንንም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይገድላል ብዬም አይደለም የመለስኩት። የኛ ጎተራ በባቡር ተጭኖ ሄዶ ዘይት ይሆናል፣ ዱቄት ይሆናል፣ የሕፃን ወተትም ይሆናል። የኦወን ጡጦ ውስጥ ያለው ዱቄት ከየት እንደመጣ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሐኪም እንኳ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ዕድሜህን ይጠይቃል፣ ክብደትህን ይጠይቃል፣ ምን አይስማማህም ይላል። ማንም ሰው ሳይጠየቅ በምሳው ውስጥ መድኃኒት ሊቀላቀልበት አይገባም። በጥጃ መድኃኒትነቱ ጥሩ ነው፤ ቦታውን ይያዝ። እኔ የቆምኩት እሱንና ምሳህን ለመለየት ነው። የሚከፍሉኝም ለዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። ኩባንያውም የመንግሥት ሰዎችም መጡ። ጭነቱ በሸራ ተሸፍኖ ተወሰደ፣ ያልታጨደውም ማሳ ላይ እያለ እንዲጠፋ ተደረገ። ከማኅበሩ ጎተራ አንዲት ፍሬ አልተነካችም፤ የሰው ሁሉ አዝመራ ተርፏል። የአባባ ኮምባይነር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ መጽዳት ነበረበት። ኩባንያው ሰው ልላክ ሲል አባባ «የኔን ማሽን ሌላ ሰው አይነካውም» ብለው እምቢ አሉ። ሦስት ቀን ከማሽኑ ሥር በጀርባቸው ተኝተው፣ የተሸጎጠውን ሁሉ በሰንጢ እየፈለፈሉ አወጡ። እኔን ግን አያናግሩኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን የዶሮ ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ቀና አላሉም። ሾርባውን አስቀምጬ የሥራ ልብስ ሳልለብስ፣ በቀሚሴ፣ ከማሽኑ ሥር ገባሁ። ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ባትሪውን አቀበሉኝ። «እዚያ ጥጉ ላይ አብሪልኝ» አሉኝ። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃላቸው ይህች ነበረች።

ያን ቀን ነው «ያ ውል የተነቀለው ምን ይሁን ይላል?» ብለው የጠየቁኝ። ከቤት አምጥቼ አነበብኩላቸው። ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው፦ የተነቀለው ሁሉ ከማሳው ተለቅሞ ይውጣ፣ በታዘዘው ቦታ ይቃጠል ይላል። አባባ እጃቸው ላይ ያለውን ቅባት በጨርቅ ጠረጉ። «ስልሳ ዓመት ረድፍ መሐል ስጥል ኖርኩ። ትክክል ነበርኩ። ያኔ በቆሎ በቆሎ ነበር» አሉ። እኔም «አዎ አባባ፣ ያኔ በቆሎ በቆሎ ነበር» አልኳቸው። ከዚያ ሾርባውን ጠጡ፤ ጨው ያንሰዋል አሉ። ሰላም መውረዱን ያን ጊዜ አወቅሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ባለፈው ማክሰኞ የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሴቶቹ ባለ አፕሪኮትና ባለ ፕለም ኮላች የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ጋግረው መጥተዋል። አባባ ለእማማ ቀብር የለበሷትን ቡናማ ኮት ለብሰው ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ። ዳረል ተነሥቶ፣ ኩባንያው በሚመጣው ዓመት ከአባሎች ሌላ መሬት መከራየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሰው ተንሾካሾከ። አንዱ «የሩዲ ዓይነት ውርደት እንዳይደርስብን እንጂ» ሲል ሰማሁ፤ ጆሮዬ ጋለ። አባባ ተነሡ። በዚያ አዳራሽ ከቦርድ ከወረዱ ጀምሮ ተናግረው አያውቁም።

«ጆሮዬ እንደ ዓይኔ አልደከመም። ተዋረደ ስትሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «ሮዟ ፍሬ ያለችበት ጭነት ይመለስ ያልኩት እኔ ነኝ። ሮዟን ግን ዓይን ያያታል። ይሄኛው ቢጫ ነው። አራት ቀን በእጄ ስነቅለው ከርሜ አላወቅሁትም። ወደ አፌ ልጨምረው ነበር። እኔ ያልለየሁትን እናንተ ትለያላችሁ? እንግዲህ አንድም ከምንበላው በዓይን የሚለይ ያድርጉት፣ አለዚያ እህል ከሚበቅልበት አገር ራቅ አድርገው ይዝሩት። እስከዚያው ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ጭነቱ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይናገር፤ ደረሰኙም ላይ ይጻፍ።» ሊቀመጡ ጀመሩና ተመልሰው ቆሙ። «ልጄ የገዛ አባቷን በአገር ፊት መልሳለች። አባቷን የመለሰች ለናንተ አታዝንም። ስለዚህ ከዚያ ጎተራ የወጣውን ለልጆቻችሁ ስትሰጡ ሳትሠጉ ስጡ።»

ቀድሞ አፉን የከፈተው ኤልደን ነው፤ «በቃ፣ ማርሊስ ባለችበት የኔ ሚስት ፓይ እንኳ ሚዛን አያልፍም ማለት ነው!» አለ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ሳቁ ሲበርድ እጅ አወጡ። ሁለቱም የአባባ ሐሳብ፣ የበቆሎውም የደረሰኙም፣ አለፈ፤ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው እጃቸውን ያላወጡት። ዳረልም አወጣ። ከነገ ወዲያ ጀምሮ ደረሰኛችን ላይ «ማሳ» የምትል አዲስ መስመር ትኖራለች። ወደ ቤት ስንመለስ አባባን «ሳላዝንልዎት ነው እንዴ የመለስኩዎት?» ብላቸው፣ «ብታዝኚልኝማ ታሳልፊኝ ነበር» አሉኝ። በእንባ የምነዳበት መንገድ ጠፋኝ። ደስታ ነበር፣ ኩራት ነበር፣ ሁለቱንም አልደብቅህም።

ያቺ መሬት በሚመጣው ዓመት ጦሟን ታድራለች። ምንም አይዘራባትም፤ ካለፈው ፍሬ የሚበቅል ካለ እየታየ ይነቀላል። ኩባንያው ሰው እልካለሁ ብሏል። አባባም ይምጡ ብለዋል፤ ግን ከፊታቸው እሳቸው ይራመዱባታል። በገመድና በችካል ረድፍ ሊያወጡላት አስበዋል። አንዲት አገዳ ከእንግዲህ መሬት አትወድቅም፤ ከትከሻ የሚንጠለጠል ጆንያ ውስጥ ገብታ ትወጣለች። አሁን የሚሰፉት እሱን ነው። ማንገቻ እያበጁለት ነው። አንዱ የእሳቸው ነው፣ አንዱ የኔ። ሁለቱ አልቀዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ የስማችንን የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ክር ጠልፈውበታል፤ የኔው ተጣሟል፣ እንዳለ አንግተዋለሁ።

እንግዲህ ለኮሪን ሰላምታዬን በእጥፍ አድርስልኝ፤ የላከችው በጭስ የደረቀ ዓሣ ደርሶን በላነው፣ ዌንዴል ጣቱን ላሰ። ታራን ሳምልኝ። ኦወንን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጩን፤ ወተቱንም ሳትሠጉ ስጡት። ዌንዴል ወገብህን እንድትጠብቅ ብሏል። ኤልደን የፓይዋን ቀልድ እንድነግርህ ለምኖኛል፤ ይኸው ነገርኩህ። የፊታችን ሐሙስ ለምስጋና በዓል ስንቀመጥ ወንበርህን እንደተለመደው ከአባባ አጠገብ እናስቀምጣለን።

አባባም ሰላም ይሉሃል። አሁን ሦስተኛ ጆንያ ጀምረዋል። የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ፣ ልክ እንዳሉት እንድጽፍልህ አዘዙኝ፦ «የሌላንድ ነው። ሰኔ ላይ ይምጣ። ከእናቱ በኩል ያለውን ረድፍ ትቼለታለሁ። ሦስቱን ገጽ በአፉ አንብቦልኛል፤ የቀሩትን አራቱን በእግሩ ይጨርሳቸው።»

የምትወድህ እህትህ
ማርሊስ

ሊፓ፣ ነብራስካ
ኅዳር 21 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.